ቤት ለሌላቸው ቤተሰቦች ቋሚ ቤት ለመሥራት የጎረቤት ይሁንታ ያስፈልጋልን?

አወያይ፦ አንድ ከተማ ቤት ለሌላቸው ቤተሰቦች ቋሚ መኖሪያ ለመሥራት ሲያቅድ፣ እያንዳንዱ ሕንፃ በሚቆምበት ሰፈር ስብሰባ ተጠርቶ፣ ተቃውሞ ተሰምቶና የምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት ይጽደቅ? ወይስ የከተማውን ፕላን እስካሟላ ድረስ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ሰነዱን መርምሮ ብቻ ይፍቀድ? የጊዜያዊ መጠለያ ነገር ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦ እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። የሎስ አንጀለስ መራጮች እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚሁ ዓላማ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ አጽድቀው ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡን በደስታ የፈቀደው ሕዝብ ሕንፃው በገዛ መንገዱ ላይ ሊቆም መሆኑን ሲሰማ በየሰፈሩ ተቃዋሚ ሆነ። በዚያ ላይ የወረዳው ተመራጭ የድጋፍ ደብዳቤ ካልጻፈ ፕሮጀክቱ አይራመድም ነበር፤ ተመራጩም እምቢ ማለት አያስፈልገውም፣ ዝም ማለቱ ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያው ሕንፃ የተከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ አገልግሎት ያለው ቋሚ ቤት አፓርታማ በተፈቀደበት ቦታ ሁሉ የተለየ ስብሰባ ሳያስፈልገው እንዲፈቀድ አዘዘ።

ነባር ነዋሪ፦ ባለሙያው መዘግየቱን ሁሉ በጎረቤት ጫንቃ ላይ መጫናቸው ፍትሐዊ አይደለም። የቦንዱ ገንዘብ ለአንድ ሕንፃ ከሚያስፈልገው ወጪ ከፊሉን ብቻ ይሸፍን ስለነበር፣ ገንቢዎቹ ቀሪውን ከብዙ ምንጭ እስኪያሟሉ ድረስ ወራት ይነጉዱ ነበር። ደግሞስ ባለሙያዎች ብቻቸውን ተማምነው የሠሩት ሁሉ ሰምሯልን? በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጠናቀቀው፣ ፕሩት አይጎ የተባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር 33 ሕንፃዎች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ። በጊዜው የተመሰገነ ሥራ ነበር። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ መፍረስ ጀመረ። በሰፈሩ ለዓመታት የኖረ ሰው የፍሳሽ መስመሩ በዝናብ ጊዜ እንደሚገነፍል፣ ትምህርት ቤቱም ተጨማሪ ተማሪ መያዝ እንደማይችል ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት ከቢሮ ሆኖ በካርታ ላይ ማግኘት አይቻልም። የሚቃወም ሁሉ ድሃ ጠል ተደርጎ መቆጠሩም ያሳዝነኛል።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦ ስለ ገንዘቡ ያሉት እውነት ነው፤ ያንን መተዌ ስህተት ነበር። ፕሩት አይጎን ግን ለእኔ ክርክር እወስደዋለሁ። ለግንባታው ከመንግሥት ገንዘብ ተገኝቶ ሳለ ጥገናውና ጽዳቱ ከድሆቹ ነዋሪዎች ኪራይ እንዲሸፈን ተደረገ፤ ተከራዮች ሲቀንሱ ገቢው ቀነሰ፣ ሊፍቱና ማሞቂያው ሲበላሽም የሚጠግነው ጠፋ። ሁለተኛው ጥፋት በሺዎች የሚቆጠሩ ድሃ ቤተሰቦችን በአንድ ቦታ ማጨቅ ነው። እርስዎ የሚደግፉት አሠራር ደግሞ ወደዚያው ይመራናል፤ ጠበቃ መቅጠር የሚችለው ሰፈር ሁልጊዜ ስለሚረታ፣ ቤቶቹ አቅም የሌለው ሰፈር ውስጥ ይከማቻሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ፣ ከተወሰነ የሕዝብ ቁጥር በላይ ያላቸው የከተማ አስተዳደሮች ከቤቶቻቸው 20 በመቶው፣ በኋላም በአብዛኞቹ 25 በመቶው፣ ማኅበራዊ ቤት፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት፣ እንዲሆን ግዴታ ጥላለች፤ ያላሟላው በየዓመቱ መቀጫ ይከፍላል። ስለ ፍሳሹና ስለ ትምህርት ቤቱ ያለዎት ዕውቀት የሚያስፈልገው አጠቃላይ ፕላኑ ሲዘጋጅ ነው፤ አንድ ሕንፃ ለፈቃድ ሲቀርብ ግን ጊዜው አልፏል።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ ሁለታችሁም ስለ ሕንፃ ትከራከራላችሁ፤ እኔ ስለ ቤተሰብ ልናገር። እናት፣ አባትና አራት ልጆች በአንዲት ስቱዲዮ፣ ማለትም የተለየ መኝታ ክፍል በሌላት ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ ሊኖሩ አይችሉም። ገንቢው ግን የቤት ቁጥር እንዲበዛለት ሲል ትናንሽ ክፍሎችን ይመርጣል፤ ሪፖርቱ ላይ ያምራልና። ስለዚህ ሲጸድቅ መቆጠር ያለበት የመኝታ ክፍሉ ብዛት ነው። ደግሞም ሁሉን በግንባታ መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ 12 አካባቢዎች 2,282 ቤተሰቦችን በዕጣ መድቦ የተከታተለ ጥናት፣ የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ ያገኙት ቤተሰቦች እንደገና ቤት አልባ የመሆናቸው ነገር ከግማሽ በላይ መቀነሱን፣ ልጆቻቸውም ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት መንከራተታቸው መቀነሱን አሳይቷል። የሽግግር መጠለያ ይህን ያህል አልረዳም። ድጎማ ያገኙት ወላጆች በመጀመሪያው ጊዜ ሥራ መሥራታቸው ጥቂት ቀንሶ እንደነበርም መደበቅ አይገባም።

የሕግ ባለሙያ፦ ድጎማ የሚሠራው የሚከራይ ባዶ ቤት ሲኖር ነው፤ በሌለበት ከተማ ኪራዩን ከማናር በቀር ፋይዳው ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቀነ ገደብ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000፣ አይሪን ግሩትቡም የተባለች ቤት አልባ ሴት ከሌሎች ጋር ባቀረበችው፣ በጠቅላላው 390 አዋቂዎችና 510 ሕፃናት በተሳተፉበት ጉዳይ፣ የመንግሥት የቤት ዕቅድ ምንም መጠጊያ የሌላቸውን ሰዎች በመዘንጋቱ ምክንያታዊ አይደለም ሲል ወሰነ። ውሳኔው በዓለም ባሉ ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል። ሴትዮዋ ግን ቤት ሳታገኝ እ.ኤ.አ. በ2008 አረፈች። ስለዚህ ሕጉ ጎረቤትን ያሰማም አያሰማም፣ ፈቃዱ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ከሌለው ምሉዕ አይደለም።

ነባር ነዋሪ፦ በዚህ ላይ አቋሜን በከፊል አሻሽላለሁ። ፕላኑ ሲዘጋጅ በእውነት የምንጠራ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሕንፃ ላይ ድምፅ የመስጠት መብታችንን ልንተው እንችላለን። የቀን ገደቡንም እቀበላለሁ። የጥገናው ገንዘብ ግን ከነዋሪው ኪራይ ተለይቶ ለ30 ዓመት መመደቡ በሰነድ ሳይረጋገጥ ፈቃድ መሰጠት የለበትም። ይህን ያነሣሁት ከራሳቸው ከፕላን ባለሙያው የፕሩት አይጎ ማብራሪያ ተነሥቼ ነው።

የከተማ ፕላን ባለሙያ፦ ገንዘቡ እንዲመደብ እስማማለሁ። የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ይሁን ከተባለ ግን የሠላሳ ዓመት በጀት ቃል ሊገባ የሚችል ምክር ቤት ስለማይገኝ፣ አንድም ቤት አይፈቀድም። ለአሥር ዓመት ቢሆን እፈርማለሁ።

ነባር ነዋሪ፦ ሊፍት የሚያረጀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።