ቱርቦ ላለው ሃይብሪድ ፒክአፕ ስንት ኦክቴን ይበቃል?

ባለፒክአፕ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ባለስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ የተገጠመለትና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ሃይብሪድ ፒክአፕ ገዝቻለሁ። መኪናው መጀመሪያ የተሠራው ለአሜሪካ ገበያ ነው። በነዳጅ መቅጃው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ «87» የሚል ቁጥር ተለጥፏል፤ የመመሪያው መጽሐፍም መኪናው በ87 እንደሚሠራ ከገለጸ በኋላ፣ ከባድ ተሳቢ ለሚጎትት ወይም በኃይለኛ ሙቀት ለሚነዳ ሰው ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንደሚመከር ያክላል። እኔ በምቀዳበት ማደያ ግን 87 የሚባል የለም፤ ያሉት 91፣ 95 እና 98 ናቸው።

91 ከ87 ስለሚበልጥ ያለ ሥጋት ልቀዳው ወይስ ቁጥሮቹ የሚለኩበት መንገድ ይለያያል? ደግሞስ መኪናውን ባዶውን በምነዳበት በአዘቦቱ ቀን ውዱን ቤንዚን መቅዳት ጉልበት ይጨምራል? አንዱ ወዳጄ ቱርቦ ያለው መኪና ሁሉ ከ95 በታች መቅመስ የለበትም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሸክሙን ስለሚጋራው ርካሹ ይበቃዋል ባይ ነው። ከባድ ተሳቢ እየጎተትኩ ረጅም ዳገት የምወጣበት ጊዜ ስላለ፣ በግምት ከመቅዳት የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

መካኒኩ

ከቁጥሩ እንጀምር፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ኦክቴን ቤንዚኑ ምን ያህል ኃይል እንደያዘ አይናገርም። የሚለካው፣ በሲሊንደር ውስጥ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ቤንዚን ሲታመቅና ሲግል፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በገዛ ራሱ ከመፈንዳት ምን ያህል እንደሚታገሥ ነው። ለመለኪያው ሁለት ፈሳሾች ተመርጠው አይሶኦክቴን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ተብለዋል። ስለዚህ አንድ ቤንዚን 95 ነው ሲባል፣ 95 በመቶው አይሶኦክቴን 5 በመቶው ሄፕቴን የሆነ ድብልቅ የሚታገሠውን ያህል በመለኪያው ሞተር ላይ ታግሧል ማለት ነው።

ይኸው የመለኪያ ሞተር በሁለት መንገድ ይሠራል። «ሮን» የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር፣ ቀለል ባለ ሁኔታ ሲሠራ ነው። «ሞን» የሚባለው ግን በ900 ዙር፣ የሚገባው ድብልቅ በጣም እንዲሞቅ ተደርጎ ስለሚለካ ለተመሳሳዩ ቤንዚን ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። በአሜሪካና በካናዳ ማደያዎች ላይ የሚጻፈው የሁለቱ አማካይ ሲሆን፣ በአውሮፓና በአብዛኛው የዓለም ክፍል የሚጻፈው ሮን ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የአሜሪካው 87 በሮን ሲነገር ከ91 እስከ 92 አካባቢ ይሆናል፤ የአሜሪካው 91 ወደ 95 ወይም 96፣ 93ቱ ደግሞ ወደ 98 ይጠጋል። እንግዲህ የእርስዎ ማደያ የሚጽፈው ሮን ከሆነ፣ 91ን ሲቀዱ የተፈቀደልዎትን ዝቅተኛውን ቀዱ እንጂ ከተፈቀደው አልፈው አልሄዱም። ክዳኑን ደግመው ቢያዩት ከቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል፣ የሁለቱ መለኪያዎች ድምር ለሁለት ሲካፈል የሚያሳይ ቀመር ሊያገኙ ይችላሉ፤ ያ ካለ 87ቱ አማካይ መሆኑን አይጠራጠሩ።

ወደ ቱርቦው ስንመጣ፣ የወዳጅዎ አባባል ለቀድሞ ዘመን ቱርቦዎች ይቀርባል። ቱርቦ አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃና ሙቀት ይጨምራል፤ ቤንዚኑም ያለ ጊዜው የመፈንዳት ዕድሉ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት የድሮዎቹ የቱርቦ ሞተሮች የእመቃ መጠናቸው ዝቅ ተደርጎ ይሠራ ነበር። ዛሬ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ ሲተን ሙቀቱን ከአየሩ ላይ ስለሚወስድ ድብልቁን ያቀዘቅዘዋል። ፎርድ ኤፍ-150 ላይ የሚገጠመው 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር ሁለት ቱርቦ ኖሮት እመቃው 10.5 ለ1 (ድብልቁ መጀመሪያ ከያዘው ቦታ 10.5 ጊዜ ወደሚያንስ ቦታ ይታመቃል ማለት ነው) ሲሆን፣ እንዲያም ሆኖ 87 እንዲቀዳበት ተፈቅዷል። ይህ የሆነው ግን ሞተሩ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ስላለው ነው። በሞተሩ አካል ላይ የታሰረው ሴንሰር የማንኳኳቱን (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲፈነዳ የሚፈጠረውን) ንዝረት ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ካስፈለገም የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። ሞተሩ ይተርፋል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ነዳጁም በከንቱ ይበላል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ኦክቴን የሚጠቅመው ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ወደማዘግየት በሚገደድበት ሁኔታ፣ ማለትም ጭነት፣ ሙቀትና ረጅም ዳገት ሲገጣጠሙ ነው። ባዶውን በሜዳ ላይ ሲነዳ ግን ሞተሩ እዚያ ጫፍ ስለማይደርስ፣ በ98 ላይ የሚያወጡት ተጨማሪ ገንዘብ ምንም የሚገዛው ነገር የለም። «ውድ ቤንዚን ሞተር ያጸዳል» የሚለውንም ከዚሁ ይለዩት፤ የሚያጸዳው ኩባንያው የሚጨምርበት ማጽጃ ኬሚካል ስለሆነ፣ ከኦክቴኑ ቁጥር ጋር ዝምድና የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መመሪያው «ይመከራል» ያለውና «ግዴታ ነው» ያለው በሕግ ፊት እንኳ እኩል አይደሉም። ግዴታ ነው የተባለውን ቤንዚን ትቶ ዝቅ ያለውን የቀዳ ሰው ሞተሩ ቢጎዳበት የዋስትና ጥያቄው ውድቅ ሊደረግበት ይችላል። የእርስዎ የሚመከር እንጂ የሚያስገድድ ስላልሆነ በዚህ በኩል አይስጉ።

ሃይብሪድ ወዳድ

መካኒኩ የተናገሩት ላይ የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ልጨምርበት፤ ሁለተኛው ወዳጅዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በእንዲህ ያሉ ፒክአፖች ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀመጠው በቤንዚን ሞተሩና በካምቢዮው መካከል ሲሆን፣ ጉልበት የሚሰጠውም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ነው። ይህም ማለት ቱርቦው ገና ሳይነሣ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ትልቅ ሸክም ይዞ በሚንገታገትባት በዚያች ሰዓት እጅ ያበድረዋል፤ ማንኳኳት ደግሞ የሚወደው ይህን ሰዓት ነው። 3.4 ሊትር፣ ሁለት ቱርቦና ኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ቶዮታ ተንድራ 437 የፈረስ ጉልበት እያወጣ በአሜሪካው 87 እንዲነዳ የተፈቀደለት ከዚህ ሁሉ ተደምሮ ነው።

ግማሹ እውነት የሚያበቃው ዳገቱ ላይ ነው። የፎርድን ሃይብሪድ ኤፍ-150 ውሰዱ፤ ባትሪው 1.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ደግሞ 35 ኪሎዋት ነው። ባትሪው ከአፍ እስከ ገደፉ ቢሞላና እስከ መጨረሻው ጠብታ ቢወጣ እንኳ (ኮምፒውተሩ እንደዚያ አይፈቅድም) ኤሌክትሪክ ሞተሩ በሙሉ አቅሙ ሊያግዝ የሚችለው ከሦስት ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ተሳቢ እየጎተቱ ረጅም ዳገት ሲወጡ የባትሪውን አመልካች ይከታተሉት፤ ከዳገቱ ግርጌ ብዙም ሳይርቁ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ የቤንዚን ሞተሩ ብቻውን ይወጣዋል። እንግዲያው የመመሪያው ምክር ሃይብሪድ ለሆነው መኪናም በቦታው ይቆያል።

ሃይብሪድ የሚለው ስም ብቻውን ደግሞ ብዙ አይናገርም። የፎርድ ማቭሪክ ሃይብሪድ 2.5 ሊትር ሞተር ቱርቦ የለውም፤ እመቃው 13 ለ1 ነው ሲባል ብዙ ሰው ውድ ቤንዚን ይፈልጋል ብሎ ያስባል። ነገር ግን የአትኪንሰን ዑደት በሚባለው አሠራር የማስገቢያው ቫልቭ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ በተጨባጭ የሚታመቀው ድብልቅ ከቁጥሩ ያነሰ ነው፤ 87ትም ይበቃዋል።

ባለፒክአፕ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ክዳኑን አይቼ ቀመሩን አግኝቼዋለሁ፤ አማካይ ነው። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር፣ የምወጣው ዳገት ከፍታው ብዙ ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ዝቅተኛ ኦክቴን ይበቃል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ደግሞስ በዳገቱ ላይ ጉልበት ለመጨመር በጠርሙስ የሚሸጠውን የኦክቴን ማሳደጊያ ብጠቀምስ?

ደገኛው

የከፍታው ነገር ቱርቦ ለሌለው ሞተር እውነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው መጠን ያንሳል፤ የሚታመቀውም ያንሳል፤ ስለዚህ በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ማደያዎች 85 የተለመደ ነው። ይህ ልማድ የተጀመረው ሞተሮች በካርቡሬተር በሚሠሩበት ዘመን ሲሆን፣ በሱ የተሞኘ ባለቱርቦ ብዙ ነው። ቱርቦ የሳሳውን አየር መልሶ ለማካካስ ይበልጥ ይሽከረከራል፤ አየሩን አብዝቶ ሲያምቀውም ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ በከፍታ ላይ የእርስዎ መኪና የኦክቴን ፍላጎት አይቀንስም። በርካታ አምራቾችም በየትኛውም ከፍታ ከ87 በታች እንዳይቀዳ በመመሪያቸው ያስጠነቅቃሉ።

ጠርሙሱን ይተዉት። በማሸጊያው ላይ ብዙ «ነጥብ» ያሳድጋል ተብሎ ሲጻፍ፣ በብዙዎቹ ዘንድ አንድ ነጥብ ማለት የኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው፤ 30 ነጥብ ያሳድጋል የተባለው 3 ኦክቴን ነው የሚያሳድገው፣ እሱም በጠባብ ማጠራቀሚያ ላይ ቢፈስ። ያንኑ በማደያው ማግኘት ይችላሉ። ግማሹ 91፣ ግማሹ 95 ሲሆን 93 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ከጉዞው በፊት ማጠራቀሚያው እስኪጎድል ጠብቀው 95 ይቅዱበት፤ ኮምፒውተሩም ከአዲሱ ቤንዚን ጋር እስኪላመድ ተሳቢውን ሳያስሩ ትንሽ ይንዱት። ከጉዞ ሲመለሱ ወደ 91 መመለስ ይችላሉ።

ሌላው ነገር፣ ኦክቴን የማይፈውሰው የማንኳኳት ዓይነት አለ። በዝቅተኛ ዙር በከባድ ሸክም ላይ የሚከሰተውና ካንዴላው ሳይለኩስ የሚቀድመው ፍንዳታ በአብዛኛው የሚነሣው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ከሚፈናጠር የዘይት ጠብታና ከተጠራቀመ ካርቦን ነው። መድኃኒቱ ትክክለኛው ዘይት ነው፤ ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው «ኤፒአይ ኤስፒ» የተባለው የዘይት ደረጃ ይህን ችግር ለመከላከል የሚደረግ ፈተናን ያካትታል። ዘይት ሲቀይሩ በጠርሙሱ ላይ ያንን ይፈልጉ። ዳገት ላይም የመጎተቻውን ሞድ ያብሩት፤ ካምቢዮው ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ከፍ ሲያደርግ «ነዳጅ በላብኝ» ብለው አይከልክሉት።

በራስዎ መኪና ላይ ልዩነቱን ለማየት ከፈለጉ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው መሰኪያ ላይ የሚሰካ መመርመሪያ ያግኙና ብልጭታው ስንት ዲግሪ እንደዘገየ የሚያሳየውን መስመር ይክፈቱ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ተሳቢ፣ የአየሩ ሙቀት ተቀራራቢ በሆነ ቀን፣ አንዴ በ91 አንዴ በ95 ይሞክሩት፤ ንባቡን ግን ጎንዎ የተቀመጠ ሰው ያንብብልዎ። በ91 መዘግየቱ ደጋግሞ እየታየ በ95 ከጠፋ፣ ለጉዞው ቀን 95 ይገባዎታል። በሁለቱም ተመሳሳይ ከሆነ 91 በቂ ነው። በ95ም በ98ም በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቀጫቀጭ ምስማር ያለ ድምፅ ካልተወዎት ግን ቤንዚን መቀያየሩን ይተዉና ካንዴላዎቹን፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣና የቱርቦውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር ያስፈትሹ።