የበዓል ልብስ ለብሰን ሰሜን ተራሮችን ልንጓዝ ነው፤ ምን እንያዝ?

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከገና በኋላ፣ ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜና እሑድ የሰፈራችን ወጣቶች ሃያ ያህል ሆነን ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ አስበናል። ወንዶቹ ጎፈርና ለምድ አድርገው፣ ጋሻ ይዘው፤ ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ከበሮ እየተመታ የገደሉን ጫፍ ይዘን እንጓዛለን። ፎቶግራፉ ላይ በረዶ ቢኖርበት ደግሞ ደስታችን ሙሉ ይሆናል። በጥር በረዶ የሚገኘው የት ነው? ይህን ሁሉ ለብሶ መራመድስ ይቻላል? ከበሮና ጋሻ ይዘን ብንገባ ችግር ይኖረዋል? ጥር 10 ከተራ ስለሆነ ከዚያ በፊት ተመልሰን ቤታችን መገኘት አለብን።

ደባርቄው
ወንድሜ፣ በረዶውን ከሐሳብህ አውጣው። ሰሜን ላይ በረዶ የሚጥለው በአብዛኛው በክረምት ነው፤ የቧሒትና የራስ ደጀን አናት ነጭ ሆኖ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። ጥር በጋ ነው። የምታገኙት አመዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ሌሊቱን ደመና ስለማይኖር መሬቱ ሙቀቱን ሁሉ ይለቅና ጓሳው ነጭ ለብሶ ያድራል። ማለዳ ስትረግጡት ከጫማችሁ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ የጅባራው ቅጠል ጠርዙ በሙሉ ያብለጨልጫል። ፀሐይ ያረፈችበት ግን ወዲያው ውሃ ይሆናል፤ ያኔ ነው የሚያንሸራትተው። ገደል ዳር ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣት በዚያ ሰዓት አይሞከርም።

መንገዱን እንዲህ አድርጉት። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ስለሆነ መግቢያውን እዚያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) እና አስጎብኚም እዚያው ትይዛላችሁ፤ ያለ ስካውት መግባት የለም። ከዚያ በመኪና እስከ ቡይት ራስ፣ ከቡይት ራስ ገደሉን ይዞ በእግር እስከ ሳንቃበር። ደህና ለሚራመድ ሦስት አራት ሰዓት ነው፤ ለእናንተ በልብሱና በፎቶግራፉ ምክንያት አምስት በሉት። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ እዚያ እደሩ። ጎህ ሲቀድ በመኪና ወደ ጨነቅ ውጡ፤ 3,620 ሜትር ስለሆነ አመዳዩ ከሳንቃበር ይልቅ እዚያ ይበረታል። ራስ ደጀንን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ በሁለት ቀን የሚሞከር አይደለም።

ጥልፍ ሠሪዋ
ልጄ፣ ቅዳሜ ገበያ ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት፤ ስለ ልብሱ እኔን ስማኝ። የአገር ልብስ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውን አይለቅም። ዳገት ወጥታችሁ ልብሱ ጀርባችሁ ላይ እርጥብ እንዳለ ንፋስ ያለበት ጫፍ ላይ ብትቆሙ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከሥር የሱፍ ሹራብ ይለበስ፣ ጥልፉ ከላይ ይደረብ። ለዚህ ሲባል ቀሚሱ ከወትሮው ሰፋ ብሎ ይሰፋ፣ ርዝመቱም ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቅር፤ አለዚያ ዳገት ላይ ራሳችሁ ትረግጡታላችሁ። የኩታውን ጫፍ በመቀነት ሸብ አድርጉት። ወንዶቹ በርኖስ ያላችሁ በርኖስ ልበሱ፤ ሱፍ ስለሆነ ለዚያ አገር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጫማ ላይ በዓል የለም፤ ሸራም ነጠላ ጫማም እቤት ይቅር። ጆሮ የሚሸፍን የበግ ፀጉር ቆብ እዚያው ከእረኞቹ ትገዛላችሁ፤ ከጎፈሩ ይልቅ እሱ ያምርባችኋል።

የማራኪው
ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ጎፈሩ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ይሁን። የአያት ቅርስ ነው ተብሎ እውነተኛ የአንበሳ ጎፈር ወይም የጉሬዛ ቆዳ ይዞ ፓርክ በር ላይ መቆም ራስን ለጣጣ መዳረግ ነው። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ በተያዘ የዱር እንስሳ ውጤት አይቀልድም። ሁለተኛ፣ ከበሮው ይቅር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ ላይ ያድሩና ጠዋት ሣር ሊግጡ ሜዳው ላይ ይወጣሉ፤ ከበሮ ከሰሙ ተመልሰው ወደ ገደሉ ነው። ሰው ከሩቅ አገር እነሱን ሊያይ ከፍሎ መጥቶ እናንተ ስታባርሩበት ምን ይላል?

ደባርቄው
በከበሮው እስማማለሁ፤ ስካውቱም ዝም አይላችሁም። ግን ምሽት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ከሆነ ምቱት፤ እኛም እንመጣለን። ጋሻና ዱላውን የበቅሎ ጫኝ ይያዝላችሁ፤ ፎቶግራፍ የምትነሡበት ቦታ ስትደርሱ ትወስዱታላችሁ። ገደል ዳር አንድ እጅ ሁልጊዜ ባዶ መሆን አለበት።

ከስዊዘርላንድ
እኔ የምኖርበት አገር በበረዶ ላይ በበዓል ልብስ መጓዝ የቆየ ባህል ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ። አፐንዘል በሚባለው አካባቢ፣ ኡርናሽ መንደር፣ ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ከባድ ደወል ታጥቀው በረዷማውን ኮረብታ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት ይዞራሉ። የሚወጡት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 እና ጥር 13 ነው፤ ሁለተኛው በድሮው (በጁልየስ) አቆጣጠር የዓመቱ መጨረሻ የነበረው ቀን ነው። እኛ ገናን ታኅሣሥ 29 የምናከብረውም ከዚያው ከድሮው አቆጣጠር ጋር ስለሚገጥም፣ የእነሱ ቀን በገናና በጥምቀት መካከል ይውላል። ለእናንተ የሚጠቅመው አካሄዳቸው ነው። እንደ መንጋ አይሄዱም፤ ስድስት ያህል እየሆኑ በተርታ ይጓዛሉ፣ ፊት የሚመራና ኋላ የሚዘጋ የታወቀ ሰው አለ። ሃያ ሰው በጠባብ መንገድ በአንድ ላይ ከሚጋፋ ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ ኋላ የሚዘጋው ደግሞ ከሁሉ ጠንካራው ይሁን።

ነርሷ
ከጎንደር ወደ ጨነቅ ስትወጡ የከፍታው ልዩነት 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ የጎንደር ብርድ ላይ ዐሥር ዲግሪ ቀንሱ፤ ንፋሱን ሳይጨምር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ማስታገሻ ውጦ ሽቅብ አይቀጥልም፤ ያርፋል፣ ካልተሻለው ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ትቷችሁ አይመለስ። አረቄ ያሞቃል የሚለውንም እርሱት፤ ሙቀቱን ወደ ቆዳ አውጥቶ ያስወስደዋል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ብዙ ውሃ ያዙ።

የማራኪው
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሙሉ ልብሱን ለብሳችሁ ከፒያሳ እስከ ቁስቋም ውጡ። የሚላላው መቀነት፣ የሚወድቀው ጎፈር፣ የሚያለከልከው ሰው እዚያው ይታወቃል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዋዜማው ደባርቅ ደውላችሁ አረጋግጡ።

የፒያሳ ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከበሮው ደባርቅ ይቀራል፣ በረዶውም በአመዳይ ተተክቷል። እትዬ፣ ስድስት ቀሚስ ማስፋት የሚፈልጉ ልጆች አሉ፤ እስከ ገና ይደርሳል?

ጥልፍ ሠሪዋ
ጥልፉ አንገቱና እጅጌው ላይ ብቻ ከሆነ ይደርሳል። እስከ ታች ይጠለፍ ካላችሁ ግን ለሚመጣው ዓመት ነው። ልክ ለመለካት ሲመጡ የሱፍ ሹራቡን ለብሰው ይምጡ።