የኢማክስን ዶክስትሪንግ ባርምም የሚታየኝ አሮጌው ነው

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የጽሑፍ ማረሚያውን የኢማክስን ሶርስ፣ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት አውርጄ፣ በሲ ከተጻፉት ፋንክሽኖች በአንዱ ዶክስትሪንግ (የፋንክሽኑን ሥራ በሚያስረዳው አጭር ጽሑፍ) ላይ ያገኘሁትን ስህተት አረምሁና ፕሮግራሙን ከሶርሱ የሚገነባውን ሜክ አስኬድሁ፤ ግንባታውም (ቢልዱም) ያለ እንከን ተጠናቀቀ። ነገር ግን ኢማክስን ከፍቼ የፋንክሽኑን ማብራሪያ ስጠይቅ የሚመጣልኝ ያው የቀድሞው ጽሑፍ ነው። ዶክስትሪንጉ በሲ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው በኮሜንት መልክ ስለሆነ፣ ኮምፓይለሩ የሚጥለው ኮሜንት በምን መንገድ ለተጠቃሚ እንደሚደርስም አልገባኝም። ፓቹን (እርማቴን የያዘውን ፋይል) ከመላኬ በፊት ልጠብቀው የሚገባ የአጻጻፍ ደንብ ካለም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ኮምፓይለሩ ኮሜንቱን እንደሚጥለው የተረዱት በትክክል ነው። ይሁን እንጂ በቢልዱ ወቅት ሜክ-ዶክፋይል የተባለ ትንሽ ፕሮግራም የሲ ፋይሎቹን ለብቻው ያነብባል፤ ዲፈን በተባለው ማክሮ ውስጥ «ዶክ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ኮሜንት እየለቀመም ዶክ በሚባል አንድ ፋይል ያጠራቅመዋል። ፋንክሽኑ የሚይዘው ጽሑፉን ሳይሆን ጽሑፉ በዚያ ፋይል ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚጠቁም ቁጥር ብቻ ነው፤ ማብራሪያው ከፋይሉ የሚነበበው ሰው ሲጠይቅ ነው።

ስለዚህ ቢልዱ በሰላም ካለቀ፣ የምጠረጥረው የከፈቱት ኢማክስ ሌላ መሆኑን ነው። ተርሚናል ላይ ስሙን ብቻ ሲጽፉ የሚነሣው ቀድሞ የተጫነው ነው፤ አዲሱ የሚቀመጠው በሶርሱ ውስጥ ኤስአርሲ በሚባለው ማውጫ ስለሆነ ከዚያው ማስነሣት ይኖርብዎታል። ለማረጋገጥ ኢንቮኬሽን-ዳይሬክተሪ የሚለውን ቫሪያብል ይመልከቱ። እኔም በዚሁ ስህተት ግማሽ ቀን አባክኜ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የኮዱ አለመሆኑን ሳውቅ አፍሬያለሁ።

መልስ 2፦
ስለ አጻጻፉ ልጨምር። ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ አፕሮፖስ የተባለው የኢማክስ መፈለጊያ ዝርዝር ሲያወጣ የሚያሳየው ይህንኑ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ለብቻው ተነጥሎ ቢነበብ ትርጉም የሚሰጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት። ርዝመቱም ከ74 ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል። ግሡ በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፋል፤ «ሪተርን» እንጂ «ሪተርንስ» አይባልም። የአርጊዩመንቶች (ለፋንክሽኑ የሚሰጡ ግብዓቶች) ስም በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለማይለይ ለዓይናችን እንግዳ ቢሆንም ልዩነቱ ቁም ነገር አለው፤ «በፈር» (ኢማክስ ጽሑፍን ይዞ የሚያሳይበት ቦታ) በትንንሽ ፊደላት ከሆነ ማንኛውንም በፈር፣ በትልልቁ ከሆነ ግን ለፋንክሽኑ የተሰጠውን ያንኑ ያመለክታል።

አብዛኛው ኢማክስ በተጻፈበት በሊስፕ ቋንቋ ፋይሎች ላይ እነዚህን አብዛኞቹን ቼክዶክ የተባለው የዶክስትሪንግ መርማሪ ያስታውስዎታል፤ ከ80 ፊደል ያለፈ መስመር ሲያገኝም የሊስፕ ፋይሎችን የሚያቀናብረው የባይት ኮምፓይለሩ ያስጠነቅቃል። በሲ ፋይል ግን ይህ ጠባቂ ስለሌለ ዓይንዎን ይመኑ። በተለይ እንደ ኮንካት ያሉ፣ የአርጊዩመንታቸው ቁጥር ያልተወሰነ ፋንክሽኖች በዶክስትሪንጋቸው መጨረሻ «ዩሴጅ» ብሎ የሚጀምር መስመር አላቸው፤ የአርጊዩመንቶቹ ስም ለአንባቢ የሚታየው ከዚያ መስመር ተወስዶ ስለሆነ ሲያርሙ እንዳይሰርዙት።

የኮሚት መልእክቱ (ለውጡን በጊት ሲመዘግቡ የሚጽፉት ማስታወሻ) ደንብ ሌላ ነው፤ የዶክስትሪንግ የመጀመሪያ መስመር በነጥብ ሲዘጋ የኮሚቱ ማጠቃለያ መስመር ግን ነጥብ አይደረግበትም፤ ከ78 ፊደል የረዘመ መስመር ካለበት ደግሞ ኮሚቱን በራሱ የሚፈትሸው የጊት ሁክ ይመልሰዋል።

ጠያቂ፦
እንደተባለው ሆኖ አገኘሁት፤ ቫሪያብሉ ያሳየኝ ከሶርሱ ጋር ግንኙነት የሌለውን ማውጫ ነበር። አሁን አዲሱ ጽሑፍ ታይቷል። ሆኖም ዛሬ ጠዋት አዳዲስ ለውጦችን ከጊት ስቤ ሜክ ስል፣ እኔ ባልነካሁት የሊስፕ ፋይል ላይ ቆመብኝ።

መልስ 1፦
ያ የእርስዎ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ቀድሞ የተቀናበሩት የሊስፕ ፋይሎች (ኢኤልሲ የሚባሉት) ከአዲሱ ሶርስ ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ሜክ ቡትስትራፕ ብለው ሁሉንም እንደ አዲስ ይገንቡ። ጊዜ ይወስዳልና በየዕለቱ አያስፈልግም፤ ተራው ሜክ እምቢ ሲል ብቻ ይጠቀሙበት።