የጣሊያን ጊዜ ቤት ልስኑ እየረገፈ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ

ጠያቂ፦ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ያለ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ለአራት ቤተሰብ እየከፋፈልን ነው። ምድር ቤቱን በሲሚንቶ አስለስነነው ነበር፤ ዛሬ እስከ ጉልበት ድረስ አብጦ እየተገመሰ ይወድቃል። ከሥሩ ድንጋዩ ርሷል፣ ነጭ ዱቄትም አውጥቷል። ቅዳሜ ሰው ይገባል! የትኛው ውሃ መከላከያ ቀለም ይይዝልኛል?

የአዘዞው፦ ቀለም እንዳትነካው። ግንቡ በኖራ የተያያዘ ከሆነ ርጥበቱን የሚያስወጣው በኖራው በኩል ነው። ሲሚንቶ አፈነው። ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ከልስኑ ጀርባ ሲደርቅ ልስኑን ይገፋዋል፤ ነጩ ዱቄት እሱ ነው።

ቅርስ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈቃድ አለህ? ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለፈቃድ ጥገና አይነካውም። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢ እንኳ በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ገብቶበት ኋላ በኖራ ነው የተስተካከለው። ከተማችን ከዚህ መማር አለባት።

ግንበኛ፦ ሲሚንቶው ይነሣ፣ ኖራ ይግባ። ከርጥበቱ በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ በመዶሻና በመሮ አንሣ፤ በማሽን ከሆነ ድንጋዩ ይላላል። የድንጋዮቹን መጋጠሚያ 2 ሳንቲ ሜትር ቆፍር። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረግ እንጂ በውሃ አትጠብ፣ ተመልሶ ይገባል። ግድግዳው ሳይደርቅ አትለስን፤ በክረምት አይሆንም። በበጋ 1 እጅ የተቦካ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ አንዱ ድርብ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። እስኪጠና በርጥብ ጆንያ ሸፍነው። ያልጠፋ (ገና ውሃ ያልነካው) ኖራ ስታቦካ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምር፤ ውሃ ኖራ ላይ ካፈሰስክ ፈልቶ ዓይን ያጠፋል።

ማራኪ፦ እኔም ኖራ እላለሁ።

የሰፈር መሐንዲስ፦ ስለ ልስን ብቻ ታወራላችሁ፣ ውሃው ከየት መጣ? አሸንዳው የት ይፈሳል? ከውጭ ያለው መሬትስ ከውስጥ ወለል ይበልጣል? ፎቁንስ በምን ነው የምትከፋፍሉት? ወለሉ እንጨት ከሆነ በብሎኬት እንዳትሞክሩት፤ የ15 ሳንቲ ሜትሩ ብሎኬት ግድግዳ ከነልስኑ በአንድ ሜትር ርዝመት ከግማሽ ቶን በላይ ይጭናል። በእንጨትና በጅብሰም ቦርድ ከፋፍሉ፤ የአራቱንም ወጥ ቤትና ሽንት ቤት በአንድ መስመር ላይ ደርድሩ፣ ቱቦው ግንቡን አንዴ ብቻ ይበሳዋል።

ጠያቂ፦ ኮብልስቶኑ ከወለሉ አንድ ስንዝር ይበልጣል። አሸንዳውም እዚያው ሥር ነው የሚፈሰው። ታዲያ ቅዳሜ ይግቡ ወይስ አይግቡ?

የሰፈር መሐንዲስ፦ ተገኘ። ዛሬውኑ አሸንዳውን በቱቦ ከግድግዳው አርቁት። ክረምቱ ሲወጣ ኮብልስቶኑን አንሥታችሁ በግድግዳው ዙሪያ ከወለሉ ዝቅ ያለ ቦይ ቆፍሩ፣ ጠጠር ሙሉት፣ ወደ መንገዱ ፍሳሽ አዘቅዝቁት። ከመሠረቱ ግርጌ በታች አትቆፍሩ። የላላውን ልስን አራግፋችሁ ታችኛውን ባዶ ተዉት፣ ይተንፍስ። በርጥቡ ግድግዳ ላይ ያለውን ሶኬት ከባልቦላው አጥፉ፤ አልጋም አታስጠጉ። እንዲህ ከሆነ ይግቡ።

የአዘዞው፦ የፎቁ ወለል እንጨት ነው ወይስ ሲሚንቶ? እሱን አልነገርከንም።