አባቴ ከዘራው ጫፍ ላይ ብረት አስበየደ፤ ምን ልበለው?

የመገናኛዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ። ባለፈው ወር መገናኛ ታክሲ ሲሳፈር በግፊያ መሀል ስልኩን ወሰዱበት። ያንገበገበው ስልኩ አይደለም። አንደኛው ልጅ «አባባ ይጠንቀቁ» እያለ ክንዱን ደግፎት ነበር፤ ሌላው ኪሱን ሲያራግፍ። አሁን ከዘራው ጫፍ ላይ ሹል ብረት አስበይዷል። ጎረቤታችን ደግሞ ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለኪዳን ብቻውን ይወጣል። ይቅርብህ ብለው አይሰማኝም። ምን ላድርግ?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ድንገተኛ ክፍል ስለምሠራ እውነቱን ልንገርሽ። ሽማግሌን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ንጥቂያው ሳይሆን አወዳደቁ ነው። በዚያ ዕድሜ ዳሌ አካባቢ ያለው አጥንት በቀላሉ ይሰበራል። ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ አልጋ ላይ መዋል፣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት ይከተላል። ስለዚህ ከሳቡት ይልቀቅ። ቦርሳ በትከሻው አጣምሮ አያንግት፤ ሲጎትቱት አብሮ ይወድቃል። ሚጥሚጣውን ወደ ወጥ ቤት መልሺው፤ ነፋስ ከዞረ የሚገባው እሱው ዓይን ውስጥ ነው።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔም 71 ዓመቴ ነው። መርካቶም አውቶቡስ ተራም ብቻዬን እሄዳለሁ። አባትሽን «ቤት ተቀመጥ» እንዳትይው፤ እሱ ከሌባው የባሰ ነው። ከዘራ ለመቆሚያ ነው፣ ሰው ሲገፋ እግር እንዳይከዳ። ሹል ብረት ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ ያንሸራትታል። አንድ ጎረምሳ ነጥቆት ቢመልስበትስ?

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሸሚዜ ውስጥ በኩል ኪስ አሰፍቻለሁ፤ ባለቤቴ በመቀነቷ ትቋጥራለች። የታክሲ ሳንቲም ብቻ እጄ ላይ ይሆናል። ሰልፍ በሌለበት ታክሲ ለመሳፈር አልጋፋም፤ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ስሄድ ከአስፋልቱ ራቅ ብዬ በግንቡ በኩል ነው። በሞተር የሚነጥቁ ነበሩ፤ ሰኔ 30 ቀን 2011 ከተማው ሞተር የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። «ልብስዎ ቆሽሿል» ያለኝ ሰው ካለ አልቆምም፤ መጀመሪያ ሱቅ እገባለሁ፣ ከዚያ አየዋለሁ። ሳላውቀው የሚደግፈኝ ካለ ደግሞ ጮክ ብዬ «ተወኝ!» እላለሁ። ድምፅ በዕድሜ አይከለከልም። «ሌባ!» ሲባል አዲስ አበባ ዞር ብሎ የማያይ የለም።

አዲስ ስልክ ከያዘ ደግሞ የሱንም ነገር አትርሺ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥሩን ሽፋኑ ላይ በወረቀት ለጥፎ ከሆነ ዛሬውኑ አንሺው፤ እኛ ሽማግሌዎች እንዲህ እናደርጋለን። *#06# ብለሽ የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊ፤ ፖሊስ ይጠይቃል። ከተሰረቀ 994 ደውለሽ ሲሙን አዘጊ፣ ለፖሊስ ደግሞ 991 ነው።

ስለ ሕጉ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ እየደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፤ መከላከያውም ተመጣጣኝ። ስልኩን ይዞ የሮጠውን ልጅ ከኋላ በሹል ብረት መውጋት መከላከል አይደለም። ሆን ተብሎ የተበየደ ብረት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ጥያቄ ያስነሳል።

የመገናኛዋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ብሎክ ውስጥ ለኪዳን የሚወጡ ሁለት እናቶች አሉ፤ አብረው እንዲሄዱ ዛሬ አናግራቸዋለሁ። ብረቱን ግን እኔ አውልቅ ብለው ይቆጣኛል።

ጡረተኛው፦
አንቺ አትንገሪው። ከልጅ አይሰማም። ስልክ ቁጥሬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ እኔው እደውልለታለሁ።