ስትሮክ ለመታቸውና ለሚረሱ አረጋውያን ምን ዓይነት የንግግር ልምምድ ይሻላል?

ሳቢያን ሠፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ማቆያ ተንከባካቢ ነኝ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ የለንም። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ፤ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል፣ የሚነገራቸውን ይረዳሉ፣ ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እሺ እሺ» ብቻ ነው። ያደጉት በኦሮምኛ ነው፣ እኛ የምናናግራቸው በአማርኛ። አንዲት እናት ደግሞ መርሳት ይዟቸው ክፍላቸው የት እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ሌላው አባት ሻይ ሲጠጡ ያስላቸዋል። ሰው ሁሉ የሚመክረን ፊኛ ማስነፋትና ምላስ ማስወጣት ነው። ይጠቅማል?

የጀጎል ነርስ፦
እህቴ፣ ፊኛውን ተዉት። የጡረተኛው ችግር የምላስ ድካም ሳይሆን ቃል የሚያወጣው የግራ አንጎል ክፍል መጎዳቱ ነው። ፊኛ የሚነፋ ሰው ፊኛ መንፋት ይለምዳል እንጂ «ውሃ» ማለት አይለምድም።

መጀመሪያ መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ ጆሯቸው በኩክ አለመደፈኑን አስመርምሩ፣ ቬንትሌተሩንና ቴሌቪዥኑን አጥፉ። የድሬ ቀትር ጤነኛውንም ያዝላል፤ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 15 ደቂቃ፣ ማምሻውን ሌላ 15 ደቂቃ ይሻላል። ከአንድ ረጅም ሰዓት አጭርና ተደጋጋሚው ይበልጣል።

ቀጥሎ ቋንቋውን ለዩ። ብርጭቆ፣ ቁልፍ፣ ማንኪያ የመሳሰሉ 10 ዕቃዎችን አንድ ቀን በኦሮምኛ፣ ሌላ ቀን በአማርኛ ጠይቁና የትኛው እንደሚቀናቸው መዝግቡ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በስትሮክ ሁለቱም እኩል ላይጎዱበት ይችላሉ፣ የእናት ቋንቋ የግድ ይቀድማል ማለትም አይደለም። ቢቀላቅሉ አታርሟቸው።

አፍ ማስከፈቻው በቃል የተያዘ ነገር ነው፦ ከ1 እስከ 10 መቁጠር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ እንደየእምነታቸው ፋቲሃ ወይም አቡነ ዘበሰማያት። አብራችሁ ጀምሩና መጨረሻው ላይ ዝም በሉ፤ ብዙ ጊዜ እሳቸው ይሞሉታል። ተረትና ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ «ድር ቢያብር» በሉና ጠብቁ።

ከዚያ በዜማ ቀጥሉ። የታወቀ ዘፈን አትምረጡ፤ ዘፈኑ ይወጣል፣ ወደ ንግግር ግን አይሻገርም። የሚያስፈልጋቸውን አጭር ቃል፣ ለምሳሌ «ቢሻን» (በኦሮምኛ ውሃ)፣ ሲነገር ባለው ቅላጼ በከፍታና በዝቅታ ሁለት ድምፅ አዚሙት። ግራ እጃቸውን ይዛችሁ በየክፍለ ቃሉ አንዴ ጠረጴዛውን መታ አድርጉ፦ ቢ፣ ሻን። መጀመሪያ እያንጎራጎራችሁ፣ ቀጥሎ አብራችሁ ቃሉን እያላችሁ፣ ከዚያ እናንተ መሃል ላይ ድምፃችሁን እያጠፋችሁ፣ በመጨረሻ ብቻቸውን። ይህ ሲቀና «ምን ላምጣልዎት?» ብላችሁ መልሱን ራሱን አውጡ። ወደ «ቢሻን ናፍ ኬኒ» (ውሃ ስጠኝ) የምታልፉት አጭሩ ያለ እርዳታ ሲወጣ ነው። የሚበላሸው በመቸኮል ነው። ጠይቃችሁ እስከ 10 ሰከንድ ድረስ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ተንከባካቢው ዝምታው ስለሚከብደው ቃሉን ይቀማቸዋል።

አቦ ከከዚራ፦
ስለ እናታችን ልጨምር። የመርሳት ችግር ላለበት ሰው «ይገምቱ እስቲ» አይባልም፤ የገመቱት ስህተት ራሱ ይቀረጻል። በራቸው ላይ የሚለይ ነገር አድርጉ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ይሁን። «ክፍልዎ አረንጓዴው ነው» በሏቸውና ወዲያው «ክፍልዎ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመለሱ ከ15 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ 30፣ 1 ደቂቃ፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ አራዝሙት። በመሃል ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ቡና ያስለቅሙ። ከሳቱ መልሱን ነግራችሁ አስደግሙና በትክክል መልሰውበት ወደነበረው የጊዜ ርቀት ተመለሱ።

ጨዋታ ስትከፍቱም «ትዝ ይልዎታል?» ፈተና ነው፣ ያሸማቅቃል። ሲኒውን እጃቸው ላይ አስቀምጣችሁ «በጨው ይሻላል በስኳር?» ብትሉ ምርጫው ራሱ ቃሉን ያቀርብላቸዋል።

የጀጎል ነርስ፦
ሳል ያለባቸው አባት ጉዳይ ልምምድ ከመሆኑ በፊት የሐኪም ጉዳይ ነው። የሚጠጡት ወደ ሳንባ እየገባ ከሆነ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሳይስለውም ይገባበታል። ከጠጡ በኋላ «አ» አስብሏቸው። ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ ወይም ትኩሳት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷቸው። እስከዚያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በሻይ ማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየበሉ ሳያወሩ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይጋደሙ። ጥርስና ምላሳቸውን ጠዋት ማታ አጽዱ፣ የአፍ ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር ስለሚወርድ። ሾርባ ውስጥ የተፈተፈተ እንጀራ ይከብዳቸዋል፣ ፈሳሹ ቀድሞ ይወርድና ጠጣሩ አፍ ውስጥ ይቀራል። አገጭ ዝቅ አድርጎ መዋጥ ለሁሉም አይሆንም፣ ሐኪም ሳያይ አትሞክሩት። ሐኪሙ መጠጥ ይወፍር ካለ የሚጠጡትን መጠን በየቀኑ መዝግቡ፤ ወፍራም መጠጥ ስለማይወደድ ሰው ይቀንሳል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ውሃ ማጣት ቶሎ ይጥላል።

ሳቢያን ሠፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጡረተኛው ልጆች ግን «ቃሉን ካላለ ውሃውን አትስጡት፣ ይሰንፋል» ይላሉ።

አቦ ከከዚራ፦
በፍጹም! ውሃ መብታቸው ነው፣ መቀጣጫ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ቃል ይበልጥ ይጠፋዋል። ስጧቸው፣ እየሰጣችሁ «ቢሻን» በሉ።

ከልምምዱ ጎን የሥዕል ሰሌዳ ሥሩላቸው። ካርቶን ላይ 6 ፎቶ በቂ ነው፦ የራሳቸው ብርጭቆ፣ የማቆያው ሽንት ቤት በር፣ አልጋቸው፣ የሚያም ቦታ የሚጠቁሙበት የሰው ምስል፣ የልጆቻቸው ፎቶ፣ እና «ሌላ ነገር» ለማለት ባዶ ሳጥን። ከበዛ ዓይን ይበተናል። በላስቲክ ሸፍኑት። የግራ አንጎል ስትሮክ የቀኝ በኩል እይታን ሊወስድ ስለሚችል ከፊታቸው ወደ ግራ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የሚጠቁሙትም በግራ እጃቸው ነው።