የጤፍ ጭድና የባሲለስ ኢንዛይም፦ ቀለበቱ ሰፊ፣ ስኳሩ ጥቂት

ጭድ_ያሸነፈው
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ላብ የጤፍ ጭድን በኢንዛይም ወደ ስኳር እየለወጥን ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ ከተባለ ባክቴሪያ ያገኘነው ያልተጣራ ኢንዛይም ሲኤምሲ (ከሴሉሎስ የተሠራ) ፕሌት ላይ ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀለም ሲፈስበት፣ ኢንዛይሙ የቆረጠበትን ቦታ የሚያሳይ ሰፊ ቀለበት ይወጣል። ጭዱ ላይ ግን ምንም ያህል አይሠራም። 5 ግራም ጭድ (በ2% ካስቲክ ሶዳ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያበስል ዕቃ) ውስጥ 30 ደቂቃ፣ ታጥቦ በኦቨን በ105 ዲግሪ የደረቀ)፣ 100 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ባፈር (አሲድነቱን የሚያጸና ፈሳሽ) ፒኤች 4.8፣ 50 ዲግሪ። በዲኤንኤስ (ስኳርን በቀለም ለውጥ በሚለካ ዘዴ) ሲለካ በ24 ሰዓት 1.9 ግራም በሊትር፣ በ48 ሰዓት 1.1። ጭራሽ እንዴት ይቀንሳል?

ፉርሽካ
ቀለበቱ አያታላችሁ። ሲኤምሲ በውሃ የሚሟሟ ሴሉሎስ ስለሆነ ሰንሰለቱን መሀል ለመሀል የሚቆርጠው ኢንዶግሉካኔዝ ብቻውን ይበቃዋል። የጭዱ ሴሉሎስ ግን እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ከጫፍ እየላጠ ሴሎባዮስ የሚያወጣ ኤክሶግሉካኔዝ፣ ሴሎባዮሱን ለሁለት ግሉኮስ የሚከፍል ቤታ ግሉኮሲዴዝም ይፈልጋል። ባሲለስ በመጀመሪያው አይታማም፣ በሁለቱ ግን ደካማ ነው። የተጠራቀመ ሴሎባዮስ ደግሞ ኢንዛይሙን መልሶ ያፍነዋል። ለማረጋገጥ 1 በ6 ሴንቲ ሜትር የዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት (50 ሚሊ ግራም ገደማ) ላይ ሞክሩት። ወረቀቱን ካልነካው ጭዱንም አይነካም።

ፒኤች 4.8 ሲትሬት ለትሪኮደርማ፣ ማለትም ለሻጋታ፣ የተለመደ ነው። የባሲለስ ሴሉሌዝ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ይስማማዋል። ሲትሬት ካልሲየምንም ጠልፎ ይይዛል፤ ያለ ካልሲየም የማይጸና ኢንዛይም ከሆነ እዚያው ይፈታል። ኤምኢኤስ ባፈር ፒኤች 6.5 ይሻላል። ፎስፌት ባፈር ላይ ካልሲየም ብትጨምሩ ግን ነጭ ዝቃጭ ነው የምታገኙት።

ትልቁ ጥፋት ኦቨኑ ነው። የታጠበ ጭድ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ ይጣበቃሉ፣ ውሃ ቢገባውም ተመልሰው በደንብ አይከፈቱም። ድርቆሽ ቢርስ ተመልሶ እንጀራ ይሆናል እንዴ? እርጥቡን ፍሪጅ አስቀምጡ።

ቤታ_ግሉኮ
የቀነሰውን ስኳር የበላው ራሱ ባሲለሱ ሊሆን ይችላል። ያልተጣራ ኢንዛይም ሕያው ሴልና ስፖር ይዞ ይገባል። በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፉትና 0.02% ሶዲየም አዛይድ ጨምሩ። አዛይድ መርዝ ነው፤ ከአሲድ ጋር አታገናኙት፣ ሲንክ ውስጥም አትድፉት። ያለ ጭድ ኢንዛይሙን ብቻ፣ ያለ ኢንዛይም ጭዱን ብቻ የያዙ ቱቦዎች ካላቆማችሁ ደግሞ 1.9 ያላችሁት ራሱ ከማሳደጊያው ሚዲየም የመጣ ስኳር ሊሆን ይችላል። ለማነጻጸር፦ ከ5 ግራሙ ግማሹ ሴሉሎስ ቢሆን ጣሪያው 2.5 ሲባዛ በ1.11 (ሴሉሎስ ግሉኮስ ሲሆን ውሃ ስለሚጨመርበት) ነው፣ በሊትር 28 ግራም ገደማ።

እንጦጦ_ግርጌ
ከፍታውን የረሳችሁት መሰለኝ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዲኤንኤሱ «5 ደቂቃ አፍላ» ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። 10 ደቂቃ አድርጉት፣ የግሉኮስ ስታንዳርዱንም እዚያው ባኞ ውስጥ አብራችሁ አፍሉ። ባለፈው ሳምንት በተሠራ የስታንዳርድ ኩርባ አትለኩ። በግፊት ጌጅ ብቻ የሚሠራ አውቶክሌቭም 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ እዚህ 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለ121 ወደ 18.5 ይፈልጋል። የዕቃው የግፊት ገደብ ካልፈቀደ ጊዜውን አርዝሙ።

ጭድ_ያሸነፈው
እናመሰግናለን። ካላደረቅነው 5 ግራሙን እንዴት እንመዝን?

ፉርሽካ
ከእርጥቡ ሁለት ግራም ያህል ቆንጥራችሁ በ105 ዲግሪ አሳድሩና መዝኑ፤ ያ ናሙና ይጣላል። እርጥበቱ 75% ከሆነ 5 ግራም ደረቅ ማለት 20 ግራም እርጥብ ነው። 15 ሚሊ ሊትር ውሃ አብሮ ስለሚገባ ኢንዛይሙን ጨምሮ የምታክሉት ፈሳሽ 80 ብቻ ይሁን፣ ጠቅላላው 100 ግራም እንዲሆን። ባፈሩንም በዚያው ልክ ወፈር አድርጋችሁ አዘጋጁት።